ወፍራም ክር የገባለት ጊታር ቅኝት አልይዝ ሲል

የጥር ሰርግ ነበር፣ ፍኖተ ሰላም። ጠዋት ባሕር ዳር ሳለሁ የኤሌክትሪክ ጊታሬን ክሮች ከ9 ቁጥር ወደ 10 ቁጥር ቀየርኩና ቃኝቼ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩት። ማታ ሙሽሮቹ ሲገቡ ሦስተኛው ክር ወረደ። አነሳሁት። እሱን ሳነሳ ሌሎቹ ወረዱ። አጠገቤ የነበሩት ማሲንቆ ተጫዋች፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ በእኔ ልክ ሦስት ጊዜ ማሲንቋቸውን ቃኙ። ያ ሌሊት ከልቤ አልወጣም። ከዚያ በኋላ የተማርኩትን ሁሉ እዚህ አስቀምጬዋለሁ፤ ክር ለማወፈር ያሰበ ሰው ከሰርጉ ቀን በፊት ያንብበው።

ክሩ ጥፋት አልነበረበትም፤ ጊታሩም አልተበላሸም። ክሩ ተቀየረ እንጂ ጊታሩ እንደተዘጋጀ የቆየው ለቀጭኑ ክር ነው።

ክር ሲወፍር ምን ይለወጣል

9 ቁጥር የምንለው ስብስብ ስሙን ያገኘው ከቀጭኑ ክር ነው። ቀጭኑ 0.009 ኢንች፣ ወፍራሙ 0.042 ኢንች ነው። የተለመደው 10 ቁጥር ከ0.010 እስከ 0.046 ይሄዳል። በዓይን ብታዩት ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጉልበቱ ግን ሌላ ነው። የክሩ ርዝመት 648 ሚሊ ሜትር በሆነ ጊታር ላይ፣ ማለትም እንደ ፌንደር ስትራቶካስተርና በእሱ አምሳል እንደተሠሩት፣ በመደበኛው ቅኝት ስድስቱ 9 ቁጥር ክሮች በድምሩ 38 ኪሎ ገደማ ይስባሉ። 10 ቁጥር ሲሆን 47 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። ግማሽ ጀሪካን ውሃ አንገቱ ላይ እንደ መጨመር ነው። ያን ጭነት አንገቱም፣ ብሪጁም (ክሮቹ አካሉ ላይ የሚታሰሩበት ብረት)፣ ከኋላ ያሉት ሞላዎችም ይካፈሉታል።

ክራር የሚቃኝ ሰው ይህ አይጠፋውም። አንዱን ክር ሲያከር ቆዳው ትንሽ ይሰጥና የቀሩት ይላላሉ፤ ስለዚህ ከትዝታ ወደ ባቲ ሲዞር ደጋግሞ ወደ መጀመሪያው ክር ይመለሳል። ጊታርም እንዲሁ ነው፤ የሚሰጠው ቦታ ብቻ ይለያያል።

ምንም ከመንካታችሁ በፊት በየትኛው ቅኝት እንደምትጫወቱ ወስኑ። ብዙዎቻችን ክር የምናወፍረው ለዘፋኙ ድምፅ ብለን ጊታሩን ግማሽ ወይም አንድ ሙሉ ድምፅ ስለምናወርደው ነው፤ ቀጭን ክር ሲወርድ ይልፈሰፈሳል። እዚህ ላይ ደስ የሚል ነገር አለ። 10 ቁጥር ክር አንድ ሙሉ ድምፅ ሲወርድ ጉልበቱ ወደ 37 ኪሎ ይመለሳል፤ 9 ቁጥር በመደበኛው ቅኝት ከሚስበው ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። እንዲህ ከሆነ ሞላውንና አንገቱን መንካት ላያስፈልጋችሁ ይችላል፤ ነቱ (ከመቃኛዎቹ በፊት ክሮቹ የሚያልፉባት ባለ ቦይ ቁራጭ) እና ሳድሉ (ብሪጁ ላይ እያንዳንዱ ክር የሚያርፍባት ትንሽ ብረት) ላይ ብቻ ትሠራላችሁ። ግማሽ ድምፅ ብቻ ካወረዳችሁ 42 ኪሎ ገደማ ነው፤ መሃል ላይ ናችሁ። ከታች ያለውን ሁሉ በምትጫወቱበት ቅኝት ላይ ሆናችሁ ሥሩት፤ ቤት ውስጥ በመደበኛው አስተካክሎ መድረክ ላይ ማውረድ ሥራውን ሁሉ ያፈርሰዋል።

የሚያስፈልገው ትንሽ ነው፦ እርሳስ፣ መስቀለኛ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ጊታሩ ሲገዛ አብሮ የመጣው አለን ኪ (ባለ ስድስት ማዕዘን መፍቻ)፣ ጥቂት የፎቶ ኮፒ ወረቀትና ቱነር (የክሩ ድምፅ ልክ መሆኑን የሚያሳይ መሣሪያ)። የስልክ ቱነር ይበቃል፣ ቤቱ ጸጥ ካለ።

1. ክሩ በደንብ መታሰሩን እዩ

አዲስ ክር መጀመሪያ ላይ መውረዱ በሽታ አይደለም። መቃኛው ላይ የተጠመጠመው ቦታ እስኪይዝ ድረስ ይላላል። ወፍራሞቹ ክሮች ሁለት ወይም ሦስት ዙር፣ ቀጭኖቹ ሦስት ወይም አራት ዙር ይበቃቸዋል፤ ዙሩ ወደ ታች ይውረድ፣ አንዱ በሌላው ላይ አይውጣ። ከዚያ ቃኙት፤ እያንዳንዱን ክር መሃሉ ላይ ይዛችሁ ከአንገቱ ቀስ ብላችሁ ሳብ ሳብ አድርጉት፤ እንደገና ቃኙት። ከአራት አምስት ጊዜ በኋላ ሲሳብ መውረዱን ያቆማል። ያኔም የሚወርድ ከሆነ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

ስትቃኙ ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ ድረሱ። ክሩ ካለፈ አውርዱትና እንደገና አንሱት።

2. ነቱ፦ አብዛኛው ጣጣ ያለው እዚህ ነው

ነት ክሮቹ ወደ መቃኛዎቹ ሲሄዱ የሚያልፉባት፣ ቦይ ቦይ ያላት ትንሽ ፕላስቲክ ወይም አጥንት ናት። ቦዮቹ የተቆረጡት ለቀድሞው ክር ነው። አምስተኛው ክር ከ0.81 ሚሊ ሜትር ወደ 0.91፣ ስድስተኛው ከ1.07 ወደ 1.17 ሲያድግ ቦዩ ውስጥ ይቀረቀራል። መቃኛውን ስታዞሩ ድምፁ አይነሳም፣ አይነሳም፣ ከዚያ በድንገት «ጥክ» ብሎ ይዘላል። ያቺ ጥክ የምትል ድምፅ ከተሰማች መልሱን አገኛችሁ።

ድምፁ ካልተሰማ እንዲህ ፈትኑት። ሦስተኛውን ክር በትክክል ቃኙና ጠንከር ያለ ቤንድ አድርጉ (ክሩን በጣት ወደ ጎን ገፍታችሁ ድምፁን አንሱ)፣ ልቀቁት፣ ቱነሩን እዩ። ወርዶ ከተገኘ ከነቱ ጀርባ፣ በነቱና በመቃኛው መካከል ያለውን ክር በጣታችሁ አንዴ ጫን አድርጉት። ድምፁ ወደ ቦታው ከተመለሰ ወይም ከቦታው ካለፈ ክሩ ቦዩ ውስጥ ተይዟል። የብሪጅ እጀታ (ብሪጁን የሚያንቀሳቅስ ዘንግ) ያላችሁ ደግሞ እጀታውን ተጭናችሁ ልቀቁ፤ ክሩ ከቃኛችሁት ከፍ ብሎ ከቀረ ያው ነቱ ነው። ከቤንድ በኋላ መውረድ፣ ከእጀታ በኋላ መውጣት፦ ሁለቱ አንድ ላይ ከታዩ ሌላ ቦታ አትፈልጉ።

መድኃኒቱ መጀመሪያ እርሳስ ነው። ክሩን አላልታችሁ ከቦዩ አውጡት፤ ለስለስ ያለ እርሳስ፣ 2ቢ ካላችሁ ጥሩ ነው፣ ሹል አድርጋችሁ ቦዩን ታችና ጎኑን ደጋግማችሁ ቀቡት፣ ጥቁር እስኪያብረቀርቅ። የእርሳሱ ግራፋይት ክሩን ያንሸራትተዋል። ክሩን መልሱና ፈትኑ። የእኔ ጊታር ላይ አምስቱ ክሮች በዚህ ብቻ ተስተካክለዋል።

ስድስተኛው ግን እምቢ አለኝ፤ ቦዩ በእርግጥ ጠቦት ነበር። እንዲህ ሲሆን ቦዩን ማስፋት ያስፈልጋል። ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት፣ 600 ቁጥር ወይም ከዚያ የደቀቀ፣ በወጣው አሮጌ ክር ላይ አንድ ዙር ብቻ ጠቅልላችሁ ቦዩን ጎንና ጎኑን በቀስታ ፈትጉት፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ፈትጋችሁ አዲሱን ክር አስገብታችሁ እዩ። ታቹን አትንኩ። ቦዩ በግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ ቢጠልቅ ክሩ የመጀመሪያው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች አንዱ) ላይ እየተንቀጠቀጠ መጮህ ይጀምራል፤ ያኔ አዲስ ነት ማስገባት ነው። ለዚህ ሥራ የአናጺ ሞረድ አይሆንም። በእጃችሁ ካልተማመናችሁ ለነት የተሠራ ሞረድ ያለው ባለሙያ ጋ ውሰዱት፤ ለዚች አንድ ነገር አዲስ አበባ ወርዶ ለሚመለስ ጓደኛ ማስያዝም አያሳፍርም።

3. ብሪጁና ሞላዎቹ

ብሪጃችሁ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ይህን ዝለሉት። ሞላ ያለው ከሆነ ግን እኔን ፍኖተ ሰላም ላይ ያዋረደኝ እሱ ነው።

እንዲህ ነው የሚሠራው። ከፊት ክሮቹ ይስባሉ፣ ከኋላ ሞላዎቹ ይስባሉ፤ ብሪጁ በሁለቱ መካከል እንደ ሚዛን ቆሟል። ክሩ ሲከብድ ሚዛኑ ወደ ፊት ያጋድላል፣ የብሪጁ ኋላ ከአካሉ ይነሳል። አንዱን ክር ስታከሩ ብሪጁ ትንሽ ይነሳና አምስቱ ይወርዳሉ። እነሱን ስታነሱ የመጀመሪያው ይወርዳል። መድረክ ላይ ይህን ማሸነፍ አይቻልም።

ጊታሩን ከጎን ሆናችሁ እዩት፤ የብሪጁ ኋላ ከበፊቱ ይልቅ ከፍ ብሎ ከሆነ የጀርባውን ክዳን ፍቱ። ብዙውን ጊዜ ሦስት ሞላዎች፣ ጫፋቸውም በሁለት ረጃጅም ብሎኖች እንጨቱ ላይ በተያዘ ብረት ላይ ተንጠልጥለው ታገኛላችሁ። ክሮቹን አላሉ። ሁለቱን ብሎኖች እኩል ግማሽ ግማሽ ዙር አጥብቁ፤ ቃኙ፤ ብሪጁን እዩ። ወደ ቦታው እስኪመለስ ድገሙት። ብሎኖቹ ከገቡ በኋላም የማይመለስ ከሆነ አራተኛ ሞላ ጨምሩ፤ ከዚያ ብሎኖቹን መልሳችሁ ማላላት ሊኖርባችሁ ይችላል።

የእኔ ምክር ግን ከዚህ ያለፈ ነው። እጀታውን የማትጠቀሙበት ከሆነ ብሪጁ አካሉ ላይ ልጥፍ እስኪል ድረስ አጥብቁት፣ አምስት ሞላ አስገቡበት። በእኛ ዜማ ሁለት ክር አንድ ላይ መትተን አንዱን በጣት እናነሳዋለን፤ ብሪጁ ተንሳፋፊ ከሆነ አንዱ ሲነሳ ጎረቤቱ ይወርዳል፣ አምባሰልም አምባሰል አይሆንም። ልጥፍ ያለ ብሪጅ ይህን ችግር ከሥሩ ያጠፋዋል፤ በዚያ ላይ አንድ ክር ቢበጠስ የቀሩት በቅኝታቸው ይቆያሉ። በሰርግ መሃል ክር የተበጠሰበት ሰው ዋጋውን ያውቀዋል።

ፍሎይድ ሮዝ (ክሮቹ ነቱ ላይ የሚቆለፉበት የብሪጅ ዓይነት) ያላችሁ ደግሞ ነቱ ላይ ያሉትን መቆለፊያዎች ሳትፈቱ በመቃኛው አትድከሙ፤ ክሩ ተቆልፎ ሳለ መቃኛው ድምፁን አያነሳም።

4. አንገቱ

አንድ ቀን ታገሱ። እንጨት አዲሱን ጭነት ወዲያው አይቀበልም።

በማግስቱ ቃኙት፤ የመጀመሪያው ፍሬት ላይ ካፖ (ክሮቹን ተጭኖ የሚይዝ መቆንጠጫ) አድርጉ፤ ስድስተኛውን ክር የመጨረሻው ፍሬት ላይ በጣት ያዙ። ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ፍሬት ላይ በክሩና በብረቱ መካከል ክፍተት ታያላችሁ። ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ቢሆን መልካም ነው። አንድ የፎቶ ኮፒ ወረቀት 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሁለት ወይም ሦስት ወረቀት ደርባችሁ አስገቡ፤ ክሩን ሳያነሳ ነካ አድርጎት ብቻ ካለፈ ልክ ነው። አምስት ወረቀት ካለፈ አንገቱ ወደ ፊት ጎብጧል።

የትራስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ የተቀበረውን፣ ጉብጠቱን የሚያስተካክለውን ብረት) ብሎን በአለን ኪው በሰዓት አቅጣጫ አንድ ስምንተኛ ዙር አጥብቁ፤ ከሩብ ዙር አትለፉ። ቃኙ፣ ለኩ፣ ነገ እንደገና ለኩ። ብሎኑ እምቢ ካለ በጉልበት አትግፉት፤ ትራስ ሮድ ከተሰበረ የጊታሩ አንገት አብሮ ይሄዳል። ክረምት ሲወጣም እንደገና ለኩት፤ ጣና አጠገብ ሰኔና ሐምሌን የከረመ እንጨት በጥር ደረቅ አየር ያው አይደለም።

5. በመጨረሻ ሳድሉ

ይህን ቀድማችሁ ከሠራችሁት ብሪጁና አንገቱ ሲንቀሳቀሱ ይበላሻል። ክሩን ሳትይዙ በትክክል ቃኙ። አስራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ክሩን በጣት ነካ ብቻ አድርጋችሁ በመምታት ሃርሞኒኩን (ጥርት ያለውን ቀጭን ድምፅ) አሰሙ፤ ከዚያ እዚያው ፍሬት ላይ እንደወትሮው ይዛችሁ ምቱ። የተያዘው ድምፅ ከሃርሞኒኩ ከፍ ካለ ሳድሉን ወደ ኋላ፣ ከነቱ አርቁት፤ ዝቅ ካለ ወደ ነቱ አቅርቡት። ብሎኑን ከማዞራችሁ በፊት ክሩን አላሉ። ክር ሲወፍር ብዙውን ጊዜ ወደ ኋላ መሄድ ነው የሚፈልገው፤ ከሁሉም አስቸጋሪው ሦስተኛው ክር ነው።

አሁን አሥር ደቂቃ ሳትቃኙ ተጫወቱበት። ቤንድ አድርጉ፣ ጠንክራችሁ ምቱ፣ ከዚያ ቱነሩን እዩ። አንድ ክር ብቻ ከወረደ ወደ ነቱ ተመለሱ፤ ሁሉም በአንድ ላይ ከወረዱ ወደ ሞላዎቹ።

ሩቅ ሰርግ ካላችሁ ጊታሩን ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ከሳጥኑ አውጡት። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲቀዘቅዝ ያጥራል፤ በደጋው በኮሶበር ብርድ ውስጥ ያለፈ ጊታር ሰው በሞላበት ድንኳን ሲገባ ይወርዳል። እስኪለምድ ጠብቃችሁ ቃኙት።

በመጨረሻም የጀርባው ክዳን ውስጥ ትንሽ ወረቀት ለጥፉ። የእኔ ላይ «10 ቁጥር፣ ግማሽ ድምፅ ወርዶ፣ አምስት ሞላ፣ ትራስ ሮድ ሩብ ዙር ቀኝ» የሚል በእርሳስ ተጽፏል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ክር ስቀይር ከዚያ ነው የምጀምረው።