በዌልስ ትንሽ መንደር ቤት ለመግዛት የሚያስብ ሰው ሊያያቸው የሚገቡ ነገሮች

በዌልስ ገጠር ቤት መግዛት የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ መንደሩን የሚያውቀው በሐምሌ ወይም በነሐሴ ለሽርሽር ሄዶ ነው። በዚያ ወቅት ኮረብታው ለምለም፣ ቀኑም ረጅም ስለሆነ ልብ ቶሎ ይሸፍታል። ነዋሪው ግን የሚኖረው አሥራ ሁለቱንም ወር ነውና የመጀመሪያው ምክሬ ስለ ገንዘብ አይደለም፤ መንደሩን በኅዳር ወይም በጥር፣ ዝናቡ ሲወርድና ገና ከሰዓት በኋላ ሳለ ሲመሽ ሄደው ይመልከቱት። ሥራና አቅም ከፈቀዱ አንድ የብርድ ወቅት በአካባቢው ተከራይቶ መኖር ከማንኛውም የባለሙያ ሪፖርት ይበልጥ ያስተምራል።

በዚያ ጉብኝት አውቶቡሱ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚመጣ፣ እሑድስ ይኖር እንደሆነ፣ በአቅራቢያው ያለው ክሊኒክ አዲስ ታካሚ ይቀበል እንደሆነ፣ ስልክና ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ ይሠሩ እንደሆነ ያረጋግጡ። ካርታ ላይ ቅርብ የሚመስለው ሁሉ በመንገድ ቅርብ አይደለም። ለምሳሌ በአበሪስትዊዝና በካርማርዘን ከተሞች መካከል የነበረው የባቡር መስመር በ1960ዎቹ ስለተዘጋ፣ ዛሬ ከአንዱ ወደ ሌላው በባቡር ልሂድ የሚል ሰው ወደ እንግሊዝ ገብቶ በሽሩስበሪ በኩል መዞር አለበት፤ ስለዚህ መንገደኛው የሚጠቀመው አውቶቡስ ነው። መኪና የማይነዳ ሰው ጣቢያ ካለው መንደር ባይርቅ ይሻለዋል።

ወደ ቤቱ ሲገቡ አይንዎ ወደ መስኮቱና ወደ ተራራው ከመሄዱ በፊት መዳፍዎን ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ባለው የውጭ ግድግዳ ላይ ያሳርፉ። ከቀዘቀዘና ከረጠበ፣ ወይም ያ ክፍል ብቻ በቅርቡ ቀለም ከተቀባ፣ ምክንያቱን ይጠይቁ። ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው ትንሽ ፈቀቅ አድርገው ለማየት ባለቤቱን ያስፈቅዱ፤ ሻጋታ የሚደበቀው እዚያ ነው። የቆዩት የድንጋይ ቤቶች የተሠሩት በኖራ ስለሆነ ግድግዳቸው እርጥበትን ይቀበላል፣ መልሶም ያወጣል። በኋላ ዘመን ብዙዎቹ በሲሚንቶ ስለተለሰኑ ግን ውኃው ግድግዳው ውስጥ ታፍኖ ይቀራል፤ የዚህ ጥገና ዋጋው ቀላል አይደለም። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ቤት የሚያበድርዎት ባንክ ለራሱ በሚያስደርገው ግምት አይመኩ፤ ደረጃ 3 የሚባለውን ሙሉ የሕንፃ ምርመራ፣ አሮጌ የድንጋይ ቤት በሚያውቅ ባለሙያ፣ ራስዎ ከፍለው ያስደርጉ። እዚህ ላይ የሚቆጠብ ገንዘብ በኔ እምነት ቁጠባ አይደለም።

ከተማ ለኖረ ሰው እንግዳ የሚሆነው የማሞቂያ፣ የውኃና የፍሳሽ ጉዳይ ነው። በብዙ የገጠር ቤቶች የጋዝ መስመር ስለሌለ ማሞቂያው የሚሠራው በግቢ ታንክ ውስጥ በሚጠራቀም ነዳጅ ዘይት ነው። የመጠጥ ውኃው ከምንጭ ወይም ከጉድጓድ የሚመጣ ከሆነ መቼ እንደተመረመረና በበጋ ይጎድል እንደሆነ ይጠይቁ። ፍሳሹ ወደ ሴፕቲክ ታንክ፣ ማለትም በግቢው መሬት ውስጥ ወደተቀበረ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ፣ የሚገባ ከሆነ ደግሞ ታንኩ በዌልስ የተፈጥሮ ሀብት ተቋም ዘንድ መመዝገቡን፣ መቼ እንደተመጠጠና ቱቦው በማን መሬት እንደሚያልፍ ይወቁ። ቱቦው በጎረቤት ማሳ የሚያልፍ ከሆነ መብቱ በጽሑፍ መስፈሩን ጠበቃዎ ያረጋግጥ፤ በቃል ስምምነት የቆየ ነገር ባለመሬቱ ሲለወጥ ክርክር ያስነሳል።

መሬቱም ታሪክ አለው። በደቡብ ሸለቆዎች ከሰል ሲወጣበት የኖረ አካባቢ ከሆነ ከቤቱ ሥር የቆየ የማዕድን ጉድጓድ መኖር አለመኖሩ መጣራት አለበት፤ የጎርፍ ካርታውም በይፋ ስለሚገኝ ለሻጩ ዋጋ ከማቅረብዎ በፊት ይመልከቱት። በሰሜን ምዕራብ ዌልስ በሚገኘው የግዊኔዝ አውራጃ ጠረፍ ያለችው የፌርቦርን መንደር ባሕሩን የሚገታው ግንብ ለዘለቄታው ላይጠበቅላት እንደሚችል ከተነገረ ወዲህ በሞርጌጅ፣ ማለትም በባንክ የቤት ብድር፣ መግዛት አስቸጋሪ ሆኖባታል። የዌልስ የቦታ ስሞችም ራሳቸው ያስጠነቅቃሉ፦ «ኮርስ» ረግረግ፣ «ዶል» የወንዝ ዳር ሜዳ፣ «አበር» ወንዝ ከባሕር ወይም ከሌላ ወንዝ የሚገናኝበት ማለት ነው። የቤቱን ስም ትርጉም መጠየቅ ምንም አያስከፍልም።

ሻጩ ዋጋዎን ተቀበለ ማለት ቤቱን ገዙ ማለት አይደለም። በዌልስም እንደ እንግሊዝ ሁሉ ሁለቱ ወገኖች ውል እስኪለዋወጡ ድረስ ማንም ሊተው ይችላል፤ ውሉን ሲለዋወጡ ገዢው አብዛኛውን ጊዜ ከዋጋው 10 በመቶ ቀብድ ይከፍላል፣ ከዚያ በኋላ የሚያፈገፍግ ገዢ ቀብዱን ያጣል። ግብሩ ግን ከእንግሊዝ ይለያል። ከኤፕሪል 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዌልስ የራሷ የቤት ዝውውር ግብር አላት፤ መኖሪያው ብቸኛ ቤቱ ለሆነ ገዢ እስከ 225,000 ፓውንድ ድረስ አይከፈልም፣ ከዚያ በላይ እስከ 400,000 ባለው ላይ 6 በመቶ ይከፈላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው የተለየ ቅናሽ ስለሌለ፣ በ300,000 ፓውንድ ቤት የገዛ ሰው 4,500 ፓውንድ ይከፍላል ማለት ነው። ሌላ ቤት ያለው ሰው ከፍ ያለ ተመን ይጠብቀዋል፤ ሁለተኛ ቤቶችም የአካባቢው አስተዳደር በሚሰበስበው የቤት ግብር (ካውንስል ታክስ) ላይ ተጨማሪ ሊጣልባቸው ይችላል፣ ሕጉ እስከ 300 በመቶ ይፈቅዳል። ተመኑ ስለሚለዋወጥ ውል ከመለዋወጥዎ በፊት ጠበቃዎ የዕለቱን ስሌት በጽሑፍ ይስጥዎት።

አንዳንድ ቤት ዋጋው ከጎረቤቶቹ ዝቅ ብሎ ሲታይ አካባቢው ለኖረ ወይም ለሠራ ሰው ብቻ የሚሸጥ፣ ወይም በእርሻ ሥራ ለሚተዳደር ብቻ የተፈቀደ ሊሆን ይችላል። ይህንን የሻጩ ወኪል ካልጠቀሰው እርስዎ ይጠይቁ።

የመጨረሻው ቋንቋ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። በ2021 እ.ኤ.አ. ቆጠራ ከዌልስ ሕዝብ 17.8 በመቶው ዌልሽ እንደሚናገር ተመዝግቧል፤ በግዊኔዝ ግን ከመቶው 64ቱ ይናገሩታል። በዚያ በኩል ልጆች የሚማሩት በዌልሽ ነውና ልጆች ያሉት ወላጅ ትምህርት ቤቱን ከቤቱ አስቀድሞ ይጎብኝ። ቋንቋውን በቤቱ ይዞ ያሳደገ ሰው ሌላው ለቋንቋው ሲሳሳ ይገባዋል፤ የመንደሩ ሰዎች ቤቶች ለዕረፍት ጊዜ ብቻ ለሚመጡ ጎብኚዎች ሲሸጡና ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚያዝኑት ለዚሁ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት እንዲሉ፣ በረዶ መንገዱን ሲዘጋ የሚደርስልዎት በአጠገብዎ ያለው ገበሬ ነው። ጠዋት ሲገናኙ «ቦሬ ዳ»፣ ሲያመሰግኑ «ዲዮልኽ» ይበሉ፣ ለጀማሪ አዋቂዎች በሚሰጠው ትምህርት ይመዝገቡ፣ በበሩ ላይ የተጻፈውን የቤቱን የዌልሽ ስምም ሳይለውጡ ያቆዩት።