የሳተርንን ቀለበት ከጎንደር እንዴት እናያለን?

ከፀሐይ ቤተሰብ ውስጥ ቀለበት ያላቸው ፕላኔቶች አራት ናቸው፦ ጁፒተር፣ ሳተርን፣ ዩራነስና ኔፕቱን። በትንሽ ቴሌስኮፕ ቀለበቱ የሚታየው ግን የሳተርን ብቻ ነው። የዩራነስ ቀለበት እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ድረስ መኖሩም አልታወቀም፤ የጁፒተሩ ደግሞ የታየው በ1979 ቮዬጀር 1 የተባለችው መንኮራኩር አጠገቡ ስትደርስ ነው። ስለዚህ በሦስቱ አትድከሙ።

መጀመሪያ ወቅቱን ምረጡ። ክረምት ላይ አይሞከርም። ደስ የሚለው ነገር፣ በእነዚህ ዓመታት ሳተርን በደንብ የሚታየው ልክ ዝናቡ ሲያባራ ነው። በ2019 ዓ.ም. መስከረም 24 ግድም ከፀሐይ ትይዩ ይሆናል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ በምሥራቅ ብቅ ይልና እኩለ ሌሊት ላይ አናታችን አካባቢ ይደርሳል። ቀኑ በየዓመቱ ሁለት ሳምንት ያህል ወደ ኋላ ይዘገያል። የተባለው ቀን ቢያመልጣችሁም ችግር የለም፣ ጥቅምትና ኅዳርም ጥሩ ናቸው፤ እንዲያውም ሳታመሹ ታዩታላችሁ። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መሆኗና ፕላኔቱ ከፍ ብሎ መውጣቱ ትልቅ ዕድል ነው፣ ምክንያቱም ብርሃኑ የሚያቋርጠው አየር ያንሳል።

ቀጥሎ ዕቃው። ባይኖኩላር አይበቃም፤ ቢበዛ ሞላላ ነጥብ ነው የሚያሳየው። የፊት ሌንሱ 60 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ፣ 50 ጊዜ ገደማ የሚያጎላ ቴሌስኮፕ ይበቃል። ካርቶኑ ላይ «500 ጊዜ ያጎላል» የሚለውን አትመኑ። እኔ ብሆን ገንዘቤን ቴሌስኮፑ የሚቆምበት ጠንካራ እግር ላይ አውል ነበር፣ እግሩ ከተንቀጠቀጠ ሌንሱ ምንም ጥሩ ቢሆን ዋጋ የለውም። ውድ ከሆነባችሁ ከጓደኞቻችሁ ጋር አዋጡና ግዙ።

ቦታ ላይ ብዙ አትጨነቁ። ጎሃ ኮረብታ ላይ መውጣት ደስ ይላል፣ ግን ሳተርን ደማቅ ስለሆነ የፒያሳ መብራት አያጠፋውም፤ ግቢያችሁም ይሆናል። መጠንቀቅ ያለባችሁ ከቆርቆሮ ጣሪያ ነው፦ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ማታ ሲለቅ አየሩ ይርገበገብና ምስሉ ይደበዝዛል። ዕይታችሁን በጣሪያ አናት ላይ አታሳልፉ። ቴሌስኮፑንም ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ አውጡትና ይቀዝቅዝ።

አሁን ፈልጉት። መስከረም ላይ ከሆነ ማታ 3 ሰዓት አካባቢ ወደ ምሥራቅ ዞራችሁ ቢጫ መሰል፣ እንደ ኮከብ የማይብለጨለጭ ብርሃን ተመልከቱ። ካላመናችሁ ስቴላሪየም የሚባለውን አፕ ስልካችሁ ላይ ጫኑ፣ ይነግራችኋል።

ስታነጣጥሩ በትንሹ ማጉያ ጀምሩ፣ 25 ሚሊ ሜትር የሚል የዓይን ሌንስ ካለ እሱን። መሀል ላይ ካገባችሁት በኋላ ነጥቡ እስኪያንስና ጠርዙ እስኪጠራ ፎከሱን አስተካክሉ። ከዚያ ይበልጥ በሚያጎላው በ10 ሚሊ ሜትሩ ቀይሩ። ምድር ስለምትዞር ከዕይታ ይሸሻል፣ ቀስ እያላችሁ ተከተሉት። አንዴ አይታችሁ አትተዉ፤ ለደቂቃዎች ዓይናችሁን ሳታነሱ ቆዩ፣ አየሩ ለቅጽበት ሲረጋ ቀለበቱ ጥርት ብሎ ይመጣል።

ቀለበቱ ቀጭን ቢመስላችሁ ቴሌስኮፑ አልተበላሸም። መጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ላይ ጠርዙን ወደ እኛ አዙሮ ነበር፣ አሁን ዓመት በዓመት እየተከፈተ እስከ 2032 ይሰፋል። ጋሊሊዮም በ1610 ካየው በኋላ በ1612 ጠፍቶበት ግራ የተጋባው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቀለበት መሆኑን በ1659 ያሳወቀው የሆላንዱ ሳይንቲስት ሆይገንስ ነው። ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 280,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ውፍረቱ ግን በአብዛኛው ቦታ ከፋሲል ግንብ ቁመት ያንሳል። የተሠራው ባብዛኛው ከበረዶ ነው።

ከቀለበቱ ራቅ ብሎ አንዲት ነጥብ ካያችሁ ታይታን ልትሆን ትችላለች፣ ትልቋ ጨረቃው። ቦታዋን ማታ ማታ ወረቀት ላይ ሳሉ፤ በ16 ቀን ገደማ ዙሩን ትጨርሳለች።