የላፕቶፕ ባትሪ ችግርና መፍትሄ፦ አዲስ ከመግዛትዎ በፊት

«አልቆለታል» ተብለው ከሚቀየሩት የላፕቶፕ ባትሪዎች መካከል ምንም ያልሆኑ አሉ። በአንጻሩ ዛሬውኑ መውጣት የሚገባው ባትሪ «ለጊዜው ይሠራል» ተብሎ ወራት ይቆያል። ሁለቱም የሚመጡት ምልክቱን ሳይመረምሩ ከመወሰን ነው።

እዚህ የምናየው የሊቲየም አዮን ባትሪን ነው፤ የዛሬ ላፕቶፖች የሚሠሩት በእሱ ነው። «እስኪጠፋ ካላወረዱት ባትሪው ይበላሻል» የሚለው የቆየ ምክር የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ዘመን ቅሪት ስለሆነ ይርሱት። የሊቲየም ባትሪ ባዶ እስኪሆን በወረደ ቁጥር ይጎዳል እንጂ አይጠቀምም።

ኃይሉ ቶሎ ያልቃል

ይህ ምልክት ሁለት ፍጹም የተለያዩ ምክንያቶች አሉት፦ ወይ ባትሪው አርጅቷል፣ ወይ ኮምፒውተሩ ከመጠን በላይ ይበላል። መለየት ቀላል ነው። በዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮቱን (ኮማንድ ፕሮምፕት) ይክፈቱና በእንግሊዝኛ ፊደል «ፓወር» ብለው ይጻፉ፤ ሳይለያዩ ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ የሚሉትን ፊደላት ያስከትሉ። ከዚያ አንድ ክፍት ቦታ፣ ወደ ቀኝ ያዘመመ ጭረት፣ በመጨረሻም «ባትሪ ሪፖርት» የሚለውን አያይዘው ይጻፉ። ኮምፒውተሩ ሪፖርቱን የት እንዳስቀመጠው ይነግርዎታል፤ ፋይሉን በብራውዘር ይክፈቱት።

ከሪፖርቱ የሚፈልጉት ሁለት ቁጥር ብቻ ነው፦ ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው አቅምና አሁን ሲሞላ የሚይዘው አቅም። የመጀመሪያው 50,000 ሚሊዋት ሰዓት፣ ሁለተኛው 31,000 ከሆነ፣ የቀረው አቅም 62 በመቶ ነው። እንዲህ ያለው ባትሪ በእርግጥ አርጅቷል፤ የጠፋውን አቅም የሚመልስ ምንም ፕሮግራም የለም። «ባትሪዎን አድሳለሁ» የሚል ፕሮግራም ካጋጠመዎት አይጫኑት።

ቁጥሩ ከ80 በመቶ በላይ ከሆነ ግን ጥፋተኛው ሌላ ነው። የስክሪኑን ብርሃን ይቀንሱ፤ ልዩነቱን ወዲያው ያዩታል። ታስክ ማናጀርን (የሚሠሩትን ፕሮግራሞች የሚዘረዝረውን የዊንዶውስ መስኮት) ከፍተው ምንም ሳይሠሩ ፕሮሰሰሩን የሚያደክመውን ፕሮግራም ይፈልጉ። ብዙውን ጊዜ ብራውዘሩ ነው፤ በአንድ ጊዜ የተከፈቱ በርካታ ገጾች ባትሪን ሳይታወቅ ይጨርሳሉ።

በማክቡክ የባትሪው ሁኔታ በሴቲንግ ውስጥ ይታያል፤ የዑደት ቁጥሩም በሲስተም ኢንፎርሜሽን ውስጥ አለ። ዑደት ማለት አንድ ጊዜ ሰክቶ መንቀል አይደለም። ዛሬ 50 በመቶ፣ ነገ ሌላ 50 በመቶ ቢጠቀሙ አንድ ዑደት ነው። አፕል ለአብዛኞቹ የቅርብ ዓመታት ማክቡኮች ያስቀመጠው ገደብ 1000 ዑደት ነው።

ባትሪው ያለ ጊዜው አረጀ

ዋናው ጉዳይ ይህ ነው፤ ብዙ ሰው ባትሪ የሚጎዳው በመጠቀም ብዛት ብቻ ይመስለዋል። ከመጠቀሙ ሌላ በእጅጉ የሚጎዱት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ሙቀትና ሁልጊዜ ሞልቶ መቀመጥ።

ባትሪው ሴል ከሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች የተሠራ ነው፤ አንድ የሊቲየም ሴል ሲሞላ ብዙውን ጊዜ 4.2 ቮልት ይደርሳል። በዚህ ከፍታ ላይ ሲቆይ በውስጡ ያለው ኤሌክትሮላይት የሚባል ኬሚካል ኤሌክትሮዶች ከሚባሉት የሴሉ ሁለት ዋልታዎች ጋር ቀስ በቀስ ይዋሐዳል፤ ኃይል ተሸካሚው ሊቲየምም እየተበላ ይሄዳል። ሙቀት ደግሞ ይህን ያፋጥነዋል። ቀኑን ሙሉ 100 በመቶ ላይ እንደተሰካ፣ በዚያ ላይ እየጋለ የሚሠራ ላፕቶፕ ሁለቱንም ጉዳት በአንድነት ይቀበላል።

መፍትሄው ከሶኬት መንቀል ብቻ አይደለም። በብዙዎቹ የሌኖቮ፣ የአሱስና የዴል ላፕቶፖች ኃይል መሙላቱን በ80 በመቶ አካባቢ የሚያቆም ምርጫ በአምራቹ ፕሮግራም ወይም በባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ ከዊንዶውስ በፊት በሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ አለ። እሱን ካበሩ በኋላ ላፕቶፑ ቀኑን ሙሉ ቢሰካ አያሳስብም። ሩቅ መንገድ ሲሄዱ ብቻ እስከ 100 ይሙሉት።

ለሙቀቱ፣ የላፕቶፑን ሆድ ይመልከቱ። አየር የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ናቸው። አልጋና ብርድ ልብስ ላይ ሲያስቀምጡት ቀዳዳዎቹ ይታፈናሉ፤ ማራገቢያው ይጮኻል፣ ባትሪውም አብሮ ይግላል። ጠንካራና ደልዳላ ነገር ላይ ያስቀምጡት። ማራገቢያው ውስጥ አቧራ ተጋግሮ ከሆነ ባለሙያ ያጽዳው። በቆመ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ መተው ግን በፍጹም አይገባም።

ተሰክቶ አይሞላም

80 ወይም 60 በመቶ ላይ ከቆመ፣ ከላይ የተባለው ገደብ በርቶ ይሆናል፤ ብልሽት አይደለም። ተሰክቶም ቢሆን የሚቀንስ ከሆነ የቻርጀሩን ዋት ያንብቡ። 65 ዋት የሚፈልግን ላፕቶፕ በ30 ዋት ቻርጀር መሙላት ሥራ ሲበዛ አይቻልም።

30 በመቶ እያለው ድንገት ይጠፋል

አንዱ ምክንያት የኃይል መለኪያው መሳሳቱ ነው። እስከ 100 ይሙሉትና ለሁለት ሰዓት ያህል እንደተሰካ ይተዉት፤ ከዚያ ነቅለው ራሱ እስኪጠፋ ይጠቀሙበት፤ ጥቂት ሰዓታት ካረፈ በኋላ ያለማቋረጥ እስከ 100 ይሙሉት። ባዶ ማድረግ ስለሚጎዳው ይህን ልማድ አያድርጉት። ከዚህ በኋላም ድንገት ከጠፋ፣ ከሴሎቹ አንዱ ደክሞ ሥራ ሲበዛበት ቮልቴጁ ይወድቃል ማለት ነው፤ የቀረው መቀየር ነው።

ተዘግቶ ቦርሳ ውስጥ ያልቃል

ክዳኑን መዝጋት ማጥፋት አይደለም። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ተኝተውም ከኢንተርኔት ጋር ይገናኛሉ፤ ቦርሳ ውስጥም ይግላሉ። በሴቲንግ ውስጥ ክዳኑ ሲዘጋ ሃይበርኔት እንዲያደርግ (ሥራዎን ዲስክ ላይ አስቀምጦ እንዲጠፋ) ያዙት፤ ወይም ጨርሰው ያጥፉት።

ለወራት ተቀምጦ አልነሣ አለ

ባዶውን ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ሴሉ ከመጠን በላይ ሲወርድ መከላከያው ሰርኪዩት ይዘጋል። በራሱ ቻርጀር ለጥቂት ሰዓታት ሰክተው ይሞክሩ፤ ካልተነሣ በግድ የሚያስነሣ ዘዴ አይሞክሩ። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ላፕቶፕ 50 በመቶ አካባቢ ተሞልቶ፣ ጠፍቶ፣ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ መቀመጥ አለበት፤ በየስድስት ወሩም ወደ ግማሽ መመለስ ይፈልጋል።

ታችፓዱ ከፍ ብሏል፣ ክዳኑ አይገጥምም

ይህን ምልክት ለነገ አያሳድሩት። ታችፓዱ አልጫን ካለ፣ የታችኛው ሽፋን ከተነፋ፣ ወይም ላፕቶፑ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ከተወዛወዘ ባትሪው በጋዝ አብጧል። ጋዙ የተፈጠረው ኤሌክትሮላይቱ ሲፈራርስ ነው። እየሠራ ስለሆነ አይታለሉ፤ ያበጠ ሴል ከተወጋ ወይም ከተጨፈለቀ ውስጡ ተገናኝቶ በእሳት ሊያያዝ ይችላል።

ሥራዎን አስቀምጠው ላፕቶፑን ያጥፉ፣ ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ ዳግም አይሰኩት። ክዳኑን በግድ አይጫኑ፤ ጋዙን ለማውጣት ብለው በመርፌ አይውጉት። ከሚቀጣጠል ነገር አርቀው ያስቀምጡና ባለሙያ ያውጣው። አዲሱን ሲገዙ በአሮጌው ላይ የተጻፈው የሞዴል ቁጥርና ቮልት መግጠማቸውን ያረጋግጡ። አሮጌውን ከቤት ቆሻሻ ጋር አይጣሉት፤ ባትሪ ለሚሰበስብ ቦታ ያስረክቡት።