ከደሴ ሆኖ ክሪፕቶ መጀመር፦ ብር ከማውጣት በፊት ያሉት እርምጃዎች

ደሴ ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ወጣት በተሰበሰበበት ስለ ቢትኮይንና ስለ ሌላው ክሪፕቶ፣ ማለትም በኢንተርኔት ብቻ ስላለ ዲጂታል ገንዘብ፣ የሚያወራ አይጠፋም። ወሬው አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ብዙ ልጆች የመጀመሪያ ብራቸውን “ስጠኝ፣ እኔ አሠራልሃለሁ” ላለ ሰው መስጠታቸው ነው። እባካችሁ እያንዳንዱን እርምጃ በገዛ እጃችሁ ሥሩት።

መጀመሪያ ሕጉ

ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ የአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ብር ብቻ እንደሆነና በክሪፕቶ ክፍያ መፈጸም ሕገ ወጥ እንደሆነ አሳውቋል። ስለዚህ ሰኞ ገበያ ሄዶ በቢትኮይን መሸመት የለም። ባንኮቻችንም ክሪፕቶ አይሸጡም።

ብዙ ሰው የሚገዛው ፒቱፒ (ሰው ለሰው) በሚባለው መንገድ፣ በኢንተርኔት መገበያያ መድረክ ላይ ካገኘው የማያውቀው ግለሰብ ነው። ገዢው ብሩን በባንክ ወይም በቴሌብር ይልካል። መድረኩ ደግሞ ከሻጩ በአደራ የያዘውን ዩኤስዲቲ የሚባል ክሪፕቶ ይለቅለታል። የዩኤስዲቲ ዋጋ ከዶላር ጋር የታሰረ ስለሆነ ነገሩ ከውጭ ምንዛሪ ሕጉ ጋር ሊያጋጫችሁ ይችላል። ስትሸጡ ደግሞ ገዢው የላከላችሁ ብር በማጭበርበር የተገኘ ከሆነ፣ የሚታገደው የእናንተ አካውንት ሊሆን ይችላል። በዚህ መንገድ ግቡ ብዬ አልመክርም። የሕግ ባለሙያ ሳትጠይቁ አምስት ሳንቲም አታውጡ።

“ሐላል ነው ወይ?” የሚለውም በወሎ የማይቀር ጥያቄ ነው። የእስልምና ሊቃውንት በዚህ ላይ አንድ አቋም የላቸውም። የምታምኑትን ኡስታዝ ጠይቁ።

ያለ ብር ተለማመዱ

ደግነቱ፣ ዋናውን ሥራ ምንም ሳትገዙ መማር ትችላላችሁ። ስልካችሁ ላይ እንደ ሜታማስክ ያለ ዋሌት፣ ማለትም ክሪፕቶ የሚያዝበትና የሚላክበት መተግበሪያ፣ አውርዱ። ከፕሌይ ስቶር ወይም ከአፕ ስቶር ብቻ ይሁን። በቴሌግራም የተላከ የመተግበሪያ ፋይል ማንም ቢልከው አትጫኑ።

ዋሌቱ ሲከፈት 12 የእንግሊዝኛ ቃላት ይሰጣችኋል። በገንዘቡ ላይ የሚያዝዘው እነዚህን ቃላት የያዘ ሰው ነው። ቢጠፉባችሁ የሚመልስላችሁ ቢሮ የለም። ስክሪንሾት አታንሱ፣ ቴሌግራም ላይም አታስቀምጡ። በቅደም ተከተላቸው ሁለት ወረቀት ላይ ጻፏቸውና ለየብቻ ቦታ አስቀምጡ። “የድጋፍ ሠራተኛ ነኝ፣ ቃላቱን ላክልኝ” የሚል ሁሉ ሌባ ነው።

አሁን ዋሌቱን ከስልኩ አጥፉት። ከዚያ እንደገና አውርዱና ወረቀቱ ላይ ያሉትን ቃላት አስገብታችሁ መልሱት። ከተመለሰ በትክክል ጽፋችኋል ማለት ነው። ይህን ፈተና ብዙ ሰው ይዘለዋል። ባዶ ዋሌት ላይ ግን ብትሳሳቱ ምንም አትከስሩም።

ቀጥሎ ዋሌቱ ውስጥ ሴፖሊያ የሚባለውን የኢተሪየም መለማመጃ ኔትወርክ ምረጡ (ኢተሪየም ክሪፕቶ ከሚላክባቸው ኔትወርኮች አንዱ ነው)። እዚያ ያለው ዲጂታል ሳንቲም ዋጋ የለውም፤ በነጻ ከሚያድሉ ድረ ገጾች ይገኛል። ለጓደኛችሁ ላኩ፣ እሱም ይላክላችሁ። የኔትወርክ ክፍያው እንዴት እንደሚቆረጥ እዩ። የተላከውን ኢተርስካን ላይ፣ ማለትም በኢተሪየም የተላከ ሁሉ በሚታይበት ድረ ገጽ ላይ፣ ፈልጉት። አንዴ ከሄደ ተመለስ ቢሉት እንደማይመለስም በዓይናችሁ ታያላችሁ። አድራሻ ስትገለብጡ ጫፍና ጫፉን ብቻ አትዩ፤ አጭበርባሪዎች ጫፎቹ የሚመሳሰሉ አድራሻዎችን ሆን ብለው ይፈጥራሉ። ዩኤስዲቲ ደግሞ በብዙ ኔትወርኮች ላይ አለ። ተቀባዩ በማይደግፈው ኔትወርክ ከላካችሁት ልታጡት ትችላላችሁ።

ስንት ብር?

ኅዳር 2014 ዓ.ም. አንድ ቢትኮይን 69 ሺህ ዶላር ገደማ ደርሶ ነበር። ኅዳር 2015 ላይ ወደ 16 ሺህ ወረደ። ጫፉ ላይ 100 ዶላር ያስገባ ሰው በዓመቱ የቀረችው 23 ገደማ ነበረች። ዋጋው በኋላ አገግሟል። ግን ለቤት ኪራይ የያዘው ብር ከሆነ እስከዚያ መጠበቅ አይችልም። የእቁብ ብር፣ ብድር፣ የእናት አደራ እዚህ ውስጥ አይገባም።

አንድ ቢትኮይን ሳቶሺ በሚባሉ 100 ሚሊዮን ቁርጥራጮች ይከፋፈላል፤ ስለዚህ ሙሉውን መግዛት ግዴታ አይደለም። “ይሄኛው ሳንቲም ርካሽ ነው፣ ሺህ ፍሬ ይደርስሃል” በሚልም አትታለሉ። አብዛኛውን ጊዜ የአንዱ ፍሬ ዋጋ ያነሰው ቁጥሩ እጅግ ብዙ ስለሆነ ነው።

በእኛ አካባቢ ያለ ሰው በተለይ አንድ ነገር ልብ ይበል። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ኔት ሲጠፋ ዋጋው ቆሞ አይጠብቅም። በራሳችሁ ዋሌት የያዛችሁት ቢያንስ ብዛቱ አይቀንስም፤ ቃላቱም ወረቀቱ ላይ አሉ። በሌቨሬጅ፣ ማለትም መያዣ አስይዛችሁ በተበደራችሁት ገንዘብ፣ የከፈታችሁት ንግድ ግን ዋጋው ከዞረባችሁ እናንተ ሳታዩት ተዘግቶ መያዣችሁን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ በሌቨሬጅ የሚካሄደውን፣ ፊውቸርስ የሚባለውን ንግድ ጀማሪ ፈጽሞ አይንካው።

ሌላው ወጥመድ

ቢትኮይንን መያዝ ብቻውን ወለድ አያስገኝም። “በየቀኑ 3 በመቶ ትርፍ፣ ሰው ካስገባህ ደግሞ ኮሚሽን” ከተባላችሁ፣ የሚከፈላችሁ ከኋላ ከሚገባው ሰው ኪስ ነው። ይህን ይዞ የሚመጣው ብዙ ጊዜ የምታምኑት ሰው ነው፦ የአክስት ልጅ፣ የሰፈር ልጅ፣ አብሯችሁ ቡና የሚጠጣ። እሱም ተታሎ ይሆናልና አትጣሉት፤ ብሩን ግን አትስጡት። በሌላ ሰው መታወቂያ የተከፈተ የኤክስቼንጅ (የክሪፕቶ መገበያያ መድረክ) አካውንትም አትግዙ። ባለመታወቂያው አካውንቱን መልሶ ሊወስደው ይችላል።

የክሪፕቶው ሕግ እስኪጠራ እጠብቃለሁ ያለ ወጣት ሌላ በር አለው። አክሲዮንና መሰል ሰነዶች የሚሸጡበትና የሚገዙበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2017 ሥራ ጀምሯል። ኢትዮ ቴሌኮምም አክሲዮኑን በቴሌብር ሲሸጥ አንዱ 300 ብር፣ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን ነበር። እዚያም መክሰር አለ። ነገር ግን ተቆጣጣሪ አለው፤ አቤት የምትሉትም የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ዘንድ ነው።