ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሳጥን ስትሠሩ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ዜነር ዳዮድ (ቮልቴጅ የምታረጋጋ ትንሽ ዕቃ) ፍለጋ 20 ደቂቃ ፈጀብኝ። እንዳለችኝ አውቃለሁ። ገዝቼ ያስቀመጥኳት እኔው ነኝ። የት እንዳስቀመጥኳት ነው የጠፋኝ። የሚያናድደው ደግሞ ሳጥን የለኝም እንዳልል ሦስት አሉኝ፤ ሦስቱንም በእጄ ነው የሠራኋቸው።

የመጀመሪያው 40 የክብሪት ሳጥኖች ተጣብቀው የተሠራ ነው። ፊቱን በባለ ቀለም ወረቀት ለብጬዋለሁ። ለእያንዳንዷ መሳቢያ የሸሚዝ ቁልፍ እንደ እጀታ ሰፍቼላታለሁ። ሲያዩት ያምራል። ሥራ ላይ ግን ዜሮ ነው። ምኑ ላይ እንደተሳሳትኩ ልንገራችሁ።

ዕቃው ሳይለይ ሳጥኑን መሥራት

ብዙዎቻችን የምንጀምረው ከዚህ ነው። ካርቶን ይቆረጣል፣ እኩል እኩል ክፍል ይወጣል፣ ከዚያ ዕቃው እንደምንም ይጠቀጠቃል። ትንሿ ዳዮድ ሰፊ ክፍል ውስጥ ስትንከራተት፣ ትልቁ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ) ክዳን አላስዘጋ ይላል። መጀመሪያ ያላችሁን ሁሉ ነጭ ወረቀት ላይ አፍስሱና ለዩ። መቀሱን የምታነሱት ከዚያ በኋላ ነው።

ሬዚስተር ላይ ደግሞ ሒሳብ አለ፤ ኤሌክትሪክን የሚገድበው ዕቃ ነው፣ መጠኑም በኦም ይለካል። በብዛት የሚገኙት ሬዚስተሮች በ12 ቁጥሮች ነው የሚሄዱት፦ 10፣ 12፣ 15፣ 18፣ 22፣ 27፣ 33፣ 39፣ 47፣ 56፣ 68፣ 82። ከዚያ በአሥር እየተባዙ ይቀጥላሉ። ከ10 ኦም እስከ 1 ሜጋ ኦም ስትቆጥሩ 61 ዓይነት ይመጣል። 61 መሳቢያ ማን ይሠራል? እኔ 40ኛው ላይ ሰለቸኝ።

አሁን ለሬዚስተር ያሉኝ መሳቢያዎች አምስት ብቻ ናቸው። አንዷ ከ10 እስከ 82 ኦም፣ ቀጣይዋ ከ100 እስከ 820፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። አንድ ሜጋዋ ከመጨረሻዋ ጋር ትዳበላለች። ውስጣቸው በትንንሽ ላስቲክ ከረጢት ተለይቷል። የሬዚስተር መጠን ገላው ላይ ባሉ ባለ ቀለም መስመሮች ነው የሚታወቀው። የየመሳቢያውን ፊት ደግሞ በሬዚስተሩ ሦስተኛ መስመር ቀለም ቀባሁት፦ ጥቁር፣ ቡናማ፣ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ። ለምሳሌ 4.7 ኪሎ ኦም መስመሮቹ ቢጫ፣ ወይን ጠጅ፣ ቀይ ናቸው። ሦስተኛው ቀይ ስለሆነ ቀይዋ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ሲመለስም ሲፈለግም ቁጥር ማንበብ አያስፈልግም። ይህ ግን የሚሠራው ባለ አራት መስመሩ ላይ ነው። የባለ አምስት መስመሩ አቆጣጠር ስለሚለይ ለብቻው ይቀመጥ።

ክዳኑ ላይ መጻፍ

ሁለት አንድ ዓይነት ሳጥን ይኖራችኋል። ሁለቱንም ትከፍታላችሁ። ትሠራላችሁ፣ ይመሻል፣ ትዘጋላችሁ። ክዳኖቹ ተቀያየሩ። አበቃ።

እኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ትራንዚስተር ብዬ ያነሳሁት ኤልኤም35 ሆኖ ተገኘ፤ የሙቀት መለኪያ ማለት ነው። ትራንዚስተሮቹ ቢሲ547 እና 2ኤን3904፣ ኤልኤም35፣ ቮልቴጅ የሚያረጋጋው 78ኤል05 ሁሉም ጥቁር፣ ባለ ሦስት እግር፣ አንድ ጎናቸው ጠፍጣፋ ናቸው። የሚለያቸው ፊታቸው ላይ ያለችው ደቃቅ ጽሑፍ ብቻ ናት፤ እሷም በብርሃን እያዘነበሉ ካልሆነ አትታይም። እኔ ደግሞ ክዳኑን አምኜ ጽሑፏን አላየሁም። ግማሽ ቀን ሰርኪዩቱን ስወቅስ ዋልኩ።

ስለዚህ ጽሑፉ የሳጥኑ ገላ ላይ ይሁን፤ ዕቃው ራሱ ከተቀመጠበት ክፍል አጠገብ። በማርከር ከጻፋችሁ በላዩ ግልጽ ፕላስተር ለጥፉበት፤ ሰርኪዩት የምናጸዳበት አልኮል ማርከሩን ጠርጎ ነው የሚወስደው። ከጽሑፍም የሚሻል አለ፦ ከዕቃው አንዱን ናሙና መሳቢያው ፊት ላይ መለጠፍ።

እግር የሌላቸውን ጥቃቅን ካፓሲተሮች በተመለከተ ቀልድ የለም። ክቧ የሴራሚክ ካፓሲተር ቢያንስ 104 የሚል ይጻፍባታል፤ 10 ላይ አራት ዜሮ፣ ማለትም 100,000 ፒኮፋራድ ወይም 100 ናኖፋራድ። ጥቃቅኖቹ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይጻፍም። አንዴ ከተደባለቁ አንድ በአንድ በመለኪያ ከመለካት ሌላ መላ የለም። ከመጡበት ጥቅል አታውጧቸው፤ ጥቅሉን እንዳለ አስቀምጡ።

ከሥርና ከላይ ክፍተት ያለው መከፋፈያ

መከፋፈያው ክዳኑን ካልነካ፣ ሳጥኑ በወደቀ ወይም በተገለበጠ ቁጥር ዕቃው ጎረቤት ይሄዳል። እግር ከሌላቸው ጥቃቅን ዕቃዎች 0603 የሚባለው መጠን 1.6 በ0.8 ሚሊሜትር ነው። ለእሱ የወረቀት ውፍረት የምታህል ክፍተት እንኳ ታሳስባለች። ከመሙላታችሁ በፊት ፈትኑት። ከሬዚስተር እግር የተቆረጡ ፍርፋሪ ሽቦዎችን አንዱ ክፍል ውስጥ ጨምሩ፣ ዝጉ፣ ገልብጡ፣ አራግፉ። ሌላ ክፍል ውስጥ ሽቦ ካገኛችሁ ሥራው አላለቀም። ክዳኑ ሥር ስስ ስፖንጅ መለጠፍ የላዩን ክፍተት ይደፍናል።

የክፍሉ ማዕዘንም ጣጣ አለው። ቀጥ ባለ ማዕዘን ውስጥ የተወሸቀችን ዳዮድ በወረንጦ እንኳ ማውጣት ያታክታል። ወፍራም ወረቀት ጎበጥ አድርጋችሁ ከሥር ብታነጥፉበት ዕቃው በጣት እየተገፋ ይወጣል።

ያገኙትን ማጣበቂያ መጠቀም

ክዳናቸው ለስለስ የሚል የፕላስቲክ ዕቃዎች ብዙዎቹ ፖሊፕሮፒሊን ናቸው፤ ሥራቸው ላይ ባለው ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ውስጥ 5 ቁጥር ይታያል። ይሄ ፕላስቲክ ማጣበቂያ አይወድም። ቀልጦ የሚፈሰው ሙጫ ሲደርቅ እንደ ቅርፊት ይላቀቃል። ሱፐር ግሉም ያው ነው፤ በዚያ ላይ ጭሱ ግልጽ ፕላስቲክን ነጭ ጉም ያለብሰዋል። ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊከን ደግሞ ከናካቴው ይቅር። ሽታው አሴቲክ አሲድ ነው፤ ተዘግቶ ከዕቃው ጋር ሲቆይ መዳብ ይበላል።

ሙጫ ባይኖርስ? የጠርሙስ ካርቶን ውስጥ ያለውን መከፋፈያ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እያንዳንዱ ካርቶን እስከ ግማሽ ተሰንጥቆ አንዱ በሌላው ላይ ይሰካል። ጠብታ ሙጫ የለበትም። ሐሳባችሁን ስትቀይሩም ነቅሎ መቀየር ነው።

አይሲን ባዶ ፕላስቲክ ውስጥ መጣል

ሹራብ ስናወልቅ የሚንጣጣው ኤሌክትሪክ ብዙ ሺህ ቮልት ይደርሳል። ሰው ከ3,000 ቮልት በታች ያለውን አብዛኛውን ጊዜ አይሰማውም። ሞስፌት የሚባለው የትራንዚስተር ዓይነት ግን ጌቱ (መቆጣጠሪያ እግሩ) ብዙውን ጊዜ የሚፈቀድለት 20 ቮልት ነው። ለሬዚስተር አትጨነቁ። ሞስፌትና አይሲ (ባለ ብዙ እግሩ ቺፕ) ግን ሲገዙ የተሰኩበት ጥቁር ስፖንጅ ላይ ይቆዩ። ከሌለ ነጩን የማሸጊያ ፎም በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልላችሁ እግራቸውን ፎይሉን በስቶ እንዲገባ ሰኩት። ፎሙን ያለ ፎይል እንዳትጠቀሙ፤ ራሱ ኤሌክትሪክ ከሚያመነጩት ነው።

ባትሪን ደግሞ ወደዚያ ፎይል አታስጠጉ። ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ከቡሎን ጋርም አትጨምሩ። ባለ 9 ቮልቱ ሁለቱም ጫፉ ጎን ለጎን ስለሆነ አንዲት ቡሎን ሾርት ታደርገዋለች። ሊቲየም ከሆነ እሳት ነው። ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍናችሁ ለብቻ አስቀምጡ።

ማቆሚያ የሌለው መሳቢያ

የክብሪት ሳጥን በሁለቱም በኩል ይወጣል። ትንሽ ሳብ ሲያደርጉት እጅ ላይ ይቀራል፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ነው። እኔ ኤልኢዲ ስለቅም ያመሸሁበት ቀን አለ። ከኋላ በኩል ወደ ላይ የምትታጠፍ የካርቶን ምላስ ብትተዉ መሳቢያው መጨረሻው ላይ ይያዛል።

ካርቶን እርጥበት እንደሚስብም አትርሱ። ከጫማ ጋር የምትመጣውን የሲሊካ ጄል ከረጢት ጣል አድርጉበት፤ እግሩ የጠቆረ ዕቃ ስታኞ (መበየጃ) አይዝም።

«ልዩ ልዩ» የሚል መሳቢያ

ሳጥኑን ሙሉ በሙሉ ስትሞሉ አዲስ የመጣ ዕቃ ቤት ያጣል። ያኔ «ልዩ ልዩ» የምትባል መሳቢያ ትወለዳለች። መጀመሪያ ሁለት ዕቃ ይገባባታል፣ ከዚያ ሃያ፣ ከዚያ ማንም አይከፍታትም። ከአምስት መሳቢያ አንዷን ባዶ ትታችሁ ጀምሩ።

ዳዮዷን ያገኘኋት እዚያው ነው። ልዩ ልዩ ውስጥ፣ ከአንድ የሸሚዝ ቁልፍ ሥር።