ወገቡን ያመመው ሁሉ የኩላሊት ሐኪም አያሻውም

ጎጃም ውስጥ ሪፈር በመጻፍና በመቀበል ዓመታት አሳልፌአለሁ። ካርድ ማውጣትንና የጤና መድን ደብተር መያዝን ሁሉም ያውቀዋል። የሚጠፋው የሐኪሙ በር ነው።

ምልክት፦ «ኩላሊቴን»

ታማሚው እጁን ወደ ኋላ አዙሮ ወገቡን ይይዝና የኩላሊት ሐኪም ይጠይቃል። በዚህ አገር የወገብ ሕመም ሁሉ ስሙ ኩላሊት ሆኗል።

አንድ ገበሬ በኅዳር፣ የጤፍ አጨዳ ሲያበቃ፣ ከቢቸና በኩል መጡ። ጊደር ሸጠው ባሕር ዳር ሦስት ሌሊት አልጋ ይዘዋል። በፌስታል የያዟቸው አራት የአልትራሳውንድ ወረቀቶች ሁሉም «ኩላሊት ደህና ነው» ይላሉ። ካርዳቸው መሬት ላይ ወደቀ። ሊያነሡት ጎንበስ ሲሉ ግማሽ መንገድ ላይ ተያዙ፤ ጉልበታቸውን ተደግፈው ቆሙ። ጎንበስ ሲሉና ሲያነሡ የሚብስ ሕመም በአብዛኛው የጡንቻ ወይም የዲስክ ነው። ከጠቅላላ ሐኪም ወደ ፊዚዮቴራፒ መሄድ ነበረባቸው። ያን ሁሉ ወረቀት ያነበበ ባለሙያ አንድ ጊዜ «እስኪ ጎንበስ ይበሉ» አለማለቱ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ታዲያ ኩላሊት መቼ ነው? ጠጠር ከሆነ ሕመሙ ከጎን ተነሥቶ ወደ ብሽሽት ይወርዳል፤ እየመጣ ይሄዳል፤ አያስቀምጥም፤ ሽንት ሊደማ ይችላል። ይህ የሽንት ቧንቧ ቀዶ ሐኪም፣ የዩሮሎጂስት፣ ጉዳይ ነው። ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳትና ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል ካለ ኢንፌክሽን ነውና ጤና ጣቢያው ይጀምረው፤ ካስመለሰ ወይም እርግዝና ካለ ግን በዚያው ቀን ሆስፒታል።

ኩላሊት ቀስ በቀስ ሲደክም ግን ብዙ ጊዜ ምንም አያምም። አንዲት ልብስ ሰፊ ጠዋት ጠዋት ዓይናቸው ሥር ያብጥ ነበር። ወራት ሙሉ የአለርጂ ክኒን፣ ለራስ ምታታቸው ደግሞ ዲክሎፌናክ ገዝተው ዋጡ። የደም ግፊታቸውን የለካ አልነበረም። ሲለካ ከፍተኛ ሆኖ ተገኘ፤ ኩላሊታቸውም ተጎድቷል። እንዲህ ያለውን መጀመሪያ የሚያየው የውስጥ ደዌ ሐኪም ነው። የኩላሊት ስፔሻሊስትም ከውስጥ ደዌ የሚወጣ ነው፤ ጠጠር አያወጣም።

መፍትሄ፦ ጠቅላላ ሐኪም፣ የደም ግፊት ልኬት፣ የሽንት ምርመራና ክሬአቲኒን የሚባለው የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ። ይህ ሳይሠራ ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ለመሄድ አትነሡ።

ማስጠንቀቂያ፦ «ለኩላሊቴ» ብላችሁ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን በራሳችሁ አትውሰዱ። የሚጎዱት ራሱን ኩላሊትን ነው! ያለ ማዘዣ መርፌውን የሚወጋም አጥፊ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ከወገብ ሕመም ጋር እግር ከዛለ፣ ሽንት ካመለጠ ወይም አልወጣ ካለ፣ ወይም ጭን መካከል ከደነዘዘ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ክብደት መቀነስ፣ የሌሊት ላብና ጀርባ ላይ ጉብታ ከታየ የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል ዛሬ ነገ አትበሉ።

ምልክት፦ አንገት ላይ እብጠት

እንቅርት የያዛቸው «ከአንገት በላይ» የሚለውን አንብበው ይሰለፋሉ። ያ ክፍል በዋናነት የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ነው። እንቅርት በአብዛኛው የውስጥ ደዌ ሐኪምና የቀዶ ሐኪም ሥራ ነው፤ የሆርሞን ምርመራው ይቅደም።

ምልክት፦ ሽፋሽፍት ዓይን ሲወጋ

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የቆየ ትራኮማ ነው። ወረንጦውን አስቀምጡት። የተነቀለው ፀጉር አጥሮና ጠንክሮ ተመልሶ የዓይንን ብሌን ይፍቃል። የሠለጠነ የዓይን ሕክምና ነርስ በአጭር ቀዶ ጥገና ያስተካክለዋል፤ ለዚህ ብቻ ስፔሻሊስት ፍለጋ መንከራተት አያስፈልግም።

ምልክት፦ በቀይ አፈር በባዶ እግሩ የኖረ ሰው እግሩ ሲያብጥ

ብዙ ጊዜ ዝሆኔ ነው። ሕክምናው የሚጀምረው ከቀዶ ሐኪም አይደለም፤ በየቀኑ በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ጫማ ማድረግ ነው።

ምልክት፦ ደረትን መጫን

ላብ ካለው፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ «ጨጓራዬ ነው» ብላችሁ የሐኪም ዓይነት አትምረጡ። ድንገተኛ ክፍል ግቡ።

ሪፈር ይዛችሁ ስትመጡ የቀድሞ ውጤቶችን ሁሉ አምጡ። የራጁን ፊልም አጥፋችሁ ኪስ አትክተቱት፤ በታጠፈበት መስመር ላይ ያለውን አጥንት ማንበብ አንችልም።