ለሚስዮን ወደ ውጭ የምትሄዱ ልጆች፣ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ሰዉ ሞርሞን እያለ የሚጠራን የኋለኛው ቀን ቅዱሳን ወጣቶች ለሚስዮን፣ ማለትም እምነታችንን ለማስተማር፣ ስንወጣ አገሩን አንመርጥም። ጥሪው ከዋናው ጽሕፈት ቤታችን ከሶልት ሌክ ሲቲ፣ አሜሪካ፣ ይመጣል፣ የተባልንበት እንሄዳለን። ወንዶች ሁለት ዓመት፣ ሴቶች አንድ ዓመት ከስድስት ወር። ደሞዝ የለውም። በ2012 እ.ኤ.አ. የወንዶቹ መነሻ ዕድሜ ከ19 ወደ 18 ከወረደ ወዲህ ደግሞ ብዙዎቹ ከትምህርት ቤት ወንበር በቀጥታ ነው የሚመጡት። ምግብ አብስለው አያውቁም፣ ከእናታቸው ቤት ወጥተው አያውቁም።

እኔ ሚስዮን ላይ ሳለሁ አዲስ የመጡትን የማለማመድ ሥራ ተሰጥቶኝ ነበር። ከተመለስኩ በኋላም ለመሄድ የሚዘጋጁ ልጆች እየመጡ ይጠይቁኛል። ልጆቹ ይለያያሉ፣ ስህተቱ ግን ያው ነው።

ቁጥር ማሳደድ

ደሜን የሚያፈላው ይሄኛው ነው። በየሳምንቱ ሪፖርት አለ። ስንት ሰው አስተማራችሁ፣ ስንቱ እሁድ መጣ፣ ስንቱ የጥምቀት ቀን ያዘ። ሪፖርቱ ራሱ ክፋት የለውም። ችግሩ የሚመጣው ልጁ ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው ትቶ ሪፖርቱን ብቻ ማየት ሲጀምር ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከአንድ አዲስ ልጅ ጋር የአንዲት እናት ቤት ሄድን። በረንዳ ላይ ሳህን ጭናቸው ላይ አድርገው ባቄላ ይፈለፍላሉ። ልጃቸው ከሞተ ዓመት አልሞላውም። ስለ እሱ ማውራት ሲጀምሩ እጃቸው ቀስ እያለ ሄዶ ቆመ። አንዲት ፍሬ በሁለት ጣታቸው እንደያዙ ዝም አሉ። አብሮኝ ያለው ልጅ ዝምታውን አልቻለውም። ስልኩን አየት አደረገና፣ «እና እማማ፣ ለጥምቀቱ የሚቀጥለው ወር የመጀመሪያው ቅዳሜ ይመችዎታል?» አላቸው።

ቀና ብለው አዩት። አልተቆጡም። ፍሬዋን ሳህኑ ውስጥ ጣሏትና «ውሃ ላምጣላችሁ» ብለው ተነሡ። ከዚያ በኋላ ስለ ልጃቸው አንድም ነገር አላነሡም።

ልጁ ክፉ አልነበረም። ሪፖርቱ ባዶ እንዳይሆን ፈርቶ ነው። ግን ፍርሃቱ ጨካኝ አደረገው፤ እኔን የሚያናድደኝም ይሄ ነው፣ ደግ ልጆችን ጨካኝ ማድረጉ። በሌላ ቀን ተመልሰን ሄድን። ስለ ጥምቀት ትንፍሽ ሳንል አብረናቸው ባቄላ ስንፈለፍል ዋልን። የልጃቸውን ስም የነገሩን ያን ቀን ነው። ቤተክርስቲያን አልመጡም። ቢሆንም ከሚስዮን ዘመኔ ከሁሉ የምወደው ከሰዓት ያ ነው።

በሽታው አዲስ አይደለም። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ሚስዮናውያን ታዳጊዎችን በቤዝቦል እየሰበሰቡ ያጠምቁ ነበር። ብዙዎቹ ታዳጊዎች ምን ውስጥ እንደገቡ እንኳ አልገባቸውም። ቁጥሩ ሰማይ ነካ። ኋላ ልጆቹ የውሃ ሽታ ሲሆኑ ስማቸውን ከመዝገብ መፋቅ ሌላ ሥራ ሆነ።

በአንጻሩ ሳሙኤል ስሚዝን አስቡ፣ የቤተክርስቲያናችን መሥራች የጆሴፍ ስሚዝን ታናሽ ወንድም። በ1830 እ.ኤ.አ. ቅዱስ መጽሐፋችንን መጽሐፈ ሞርሞንን ተሸክሞ በኒውዮርክ መንደሮች ዞረ፣ ሰው ፊቱን አዞረበት፣ ተስፋ ቆርጦ ተመለሰ። ከእጁ ከወጡት ቅጂዎች አንዱ ግን በፊንያስ ያንግ በኩል ወንድሙ ብሪገም ያንግ ዘንድ ደረሰ። ብሪገም በ1832 እ.ኤ.አ. ተጠመቀ፣ ቆይቶም የቤተክርስቲያኑ ሁለተኛ ፕሬዝዳንት ሆነ። ሳሙኤል በየሳምንቱ ሪፖርት ቢልክ ኖሮ ምን ብሎ ይጽፍ ነበር?

ከጓደኛ ጋር ተኮራርፎ መክረም

ሚስዮናዊ ብቻውን አይሄድም። የተመደበለት ጓደኛ አለ፤ አብሮ ይበላል፣ አብሮ ይጸልያል፣ አንድ ክፍል ያድራል። ከመታጠቢያ ቤት በቀር መለያየት የለም። አንዱ ጠዋት ጠዋት መዝፈን ይወዳል፣ ሌላው እስከ ቁርስ ድረስ ሰው እንዲያናግረው አይፈልግም። አንዱ የበላበትን ሳህን ለነገ ይተዋል። እነዚህ ነገሮች ትንሽ ይመስላሉ። ሲጠራቀሙ ግን ሁለት ልጆች ቀኑን ሙሉ ጎን ለጎን እየሄዱ የማይነጋገሩበት ደረጃ ያደርሳሉ። የሚያስተምሯቸው ሰዎች ደግሞ ይህን ወዲያው ያውቁታል። ስለ ፍቅር የሚሰብኩ ሁለት ልጆች ዓይን ለዓይን ሲሸሻሹ ማን ይሰማቸዋል?

ብዙዎች «ስድስት ሳምንት ልቻለው፣ ዝውውር ሲመጣ እገላገላለሁ» ይላሉ፤ በየስድስት ሳምንቱ ገደማ ጓደኛ ወይም ከተማ ሊቀየር ይችላልና። ዝውውሩ ይመጣል፣ እናንተ ግን እዚያው ልትቀሩ ትችላላችሁ፤ ከእሱም ጋር። ስለዚህ የሚያስከፋችሁን ነገር በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሳትቆጡ፣ ለራሱ ንገሩት። የእናንተንም ጉድ ጠይቁት። መጀመሪያ ላይ ዓይኑን ማየት ያልፈለግኩት አንድ ጓደኛዬ ዛሬ ወንድሜ ነው። ሲቸግረኝ መጀመሪያ የምደውለው ለእሱ ነው።

ያልገባን ነገር እንደገባን ሆኖ ራስ መነቅነቅ

አሜሪካ፣ ፕሮቮ ባለው የሚስዮናውያን ማሠልጠኛ ማዕከል ቋንቋ የተማረ ልጅ ከአውሮፕላን ሲወርድ የሚገባው ነገር የለም። ሰዉ ይፈጥናል፣ ቃል ይውጣል፣ ይቀልዳል። ልጁ አፍሮ ፈገግ ይልና ራሱን ይነቀንቃል። አንድ የማውቀው ልጅ እንዲህ ሲነቀንቅ ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ሰዓት፣ ሁለት ቤት ምሳ እሺ ብሎ ኖሯል። አንደኛው ቤት ምግቡ ተሠርቶ፣ ልጆቹ ታጥበው እስከ ማታ ጠበቁ። ያን ቤተሰብ ይቅርታ መጠየቅ ቋንቋውን ከመማር በላይ ከባድ ነበር።

«አልገባኝም፣ ይድገሙልኝ» የሚለውን አስቀድማችሁ ተማሩ። የሰፈር ልጆች ሲያርሟችሁ አትከፉ፣ ከእነሱ የተሻለ አስተማሪ የለም። አንድ ቀን ሰው የቀለደው ቀልድ ሳታስቡት ያስቃችኋል። ለዚያች ቀን ሲባል ሁሉም ይቻላል።

ሕመም መደበቅ

ሆዳቸውን እያመማቸው፣ እንቅልፍ እያጡ፣ ጠዋት ከአልጋ መነሣት እያቃታቸው «ደህና ነኝ» የሚሉ ልጆች ብዙ አይቻለሁ። ወደ ቤት እንዳይመልሱኝ ብለው ነው። ሳይጨርሱ መመለስ ውርደት ይመስላቸዋል። አይደለም። በአካባቢው ላሉት ሚስዮናውያን ኃላፊ ለሆነው ለሚስዮን ፕሬዝዳንቱ በጊዜ ንገሩ። በጊዜ የተናገረ ብዙ ጊዜ ታክሞ ይቀጥላል፣ የደበቀው ነው የሚብስበት። የተመለሰ ልጅ ያላችሁ ቤተሰቦችም «ለምን ቶሎ መጣህ?» ብላችሁ አትቀበሉት።

ናፍቆትም ያው ነው። ድሮ ቤት የሚደወለው በገናና በእናቶች ቀን ብቻ ነበር። ከየካቲት 2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ በየሳምንቱ ይፈቀዳል። ስትደውሉ የከበዳችሁንም ተናገሩ፣ ቤተሰብ ፎቶ ብቻ አይላክለትም።

በሰው እምነት መሳለቅ

በ2008 እ.ኤ.አ. በኮሎራዶ፣ ሳን ሉዊስ በሚገኝ የካቶሊክ ቅዱስ ስፍራ ሲያላግጡ የተነሡት የሚስዮናውያን ፎቶ ወጥቶ ቤተክርስቲያናችን ይቅርታ ጠይቃለች። ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ርካሽ ጫማ

አትግዙ። ቀኑን ሙሉ በእግር ነው።

ከዝውውር በኋላ ድምፅ ማጥፋት

ወደ ሌላ ከተማ ስትዛወሩ ያስተማራችኋቸው ሰዎች እዚያው ይቀራሉ። አዲስ የተጠመቀ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያውቀው እናንተን ብቻ ነው። እናንተ ስትሄዱ እሁድ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ያጣል፣ ቀስ እያለም ይቀራል። ስለዚህ ከመሄዳችሁ ብዙ ቀደም ብላችሁ ከአጥቢያው አባላት ጋር አስተዋውቁት። ቤታቸው ይዛችሁት ሂዱ፣ አብራችሁ ብሉ፣ ስልክ ይለዋወጡ። ለሚተካችሁ ሚስዮናዊም ከስሙ ጋር ሥራው ምን እንደሆነ፣ ማን እንደታመመበት፣ ምን እንደሚያስጨንቀው ጽፋችሁ ተዉለት። ቤታችሁ ከተመለሳችሁም በኋላ ደውሉለት። «ረሳችሁኝ ብዬ ነበር» ይላችኋል።